ነዳጁ የት ገባ? የአሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ነዳጅ ፍጆታ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል። ስለ ማግኔት፣ ስለ «ነዳጅ ቆጣቢ እንክብል» እና ነዳጅ መስመር ላይ ስለሚታሰር ጥቅልል ሽቦ የጠየቃችሁን አንባቢዎች መልሳችን አጭር ነው፦ ገንዘባችሁን አታጥፉ።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ቪትዝ፣ 1,000 ሲሲ፣ ይዤ የጥሪ ታክሲ እሠራለሁ። ጓደኞቼ «በሊትር 18 ይሄድልናል» ይላሉ። የኔ 10 እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም። አንዱ መካኒክ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፣ ይቀየር» አለኝ። ሌላው «ኢንጀክተር ይታጠብ» ይላል። የማንን ልስማ? (ከሰሚት)

መልስ፦ ለጊዜው የማንንም አይስሙ። «አይመስለኝም» ተብሎ ሴንሰር አይገዛም፤ መጀመሪያ ይለኩ። የጓደኞችዎን 18 ደግሞ እንዴት እንደለኩት ሳይጠይቁ አይመኑት። አብዛኛው ሰው የሚለካው በነዳጅ መብራት ነው፤ መብራቱ ሲበራ የተወሰነ ብር ይቀዳል፣ እንደገና ሲበራ ኪሎ ሜትሩን ያያል። መብራቱ ግን መኪናው እንዳዘነበለበት ሁኔታ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ስለሚበራ ስህተት ያመጣል።

ትክክለኛው መንገድ ከሙሉ እስከ ሙሉ መለካት ነው። ሜዳ ላይ ባለ ማደያ ቆመው ይሙሉ፤ መቅጃው ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ሲዘጋ ያቁሙ፤ «ትንሽ ጨምርበት» አይበሉ። ትሪፑን (የጉዞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን) ዜሮ ያድርጉ። ቢያንስ 25 ሊትር እስኪያልቅ እንደ ወትሮዎ ይሥሩ፤ ከዚያ እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ፓምፕ ተመልሰው እስከ መጀመሪያው «ቀጭ» ድረስ ይሙሉ። አሁን የገባው ሊትር የተጠቀሙት ነው። ለምሳሌ 386 ኪሎ ሜትር ሄደው 31.5 ሊትር ቢገባ፣ 386ን ለ31.5 ሲያካፍሉ በሊትር 12.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይያዙ። የአንድ ጊዜ ልኬት ያታልላል። በብር እየቆረጡ ለሚቀዱ ግን ልኬት የሚባል ነገር የለም፤ ሲጀመር ታንኩ ሞልቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ይጨመር፤ ጎማ ከቀየሩ መጠኑን ይዩ። ከ165/70 አር 14 ወደ 175/70 አር 14 ከተሸጋገሩ ጎማው በዲያሜትር 2.4 በመቶ ስለሚተልቅ ቆጣሪው ከሄዱት አሳንሶ ይቆጥራል። መኪናው ሳይበላ የበላ ይመስላል።

ለከተማ የጥሪ ታክሲ፣ ያውም በአዲስ አበባ ዳገትና መጨናነቅ፣ በሊትር ከ11 እስከ 14 ቢመጣ መኪናውን አንጠረጥረውም። ከ10 በታች ከወረደ ወደ ጋራዥ መሄዱ ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ ግን የስህተት ኮድ በኮምፒውተር ማንበብ እንጂ ዕቃ መቀየር አይደለም። እዚያው ሳሉ አንድ ነገር በእጅዎ ይፈትሹ፦ ፍሬን ብዙም ሳይረግጡ 10 ደቂቃ ያህል ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ አይንኩ፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። በእጅ ፍሬን ገመድ መንከስ ምክንያት የኋላ ጎማ ይዞ የሚዞር መኪና ከምናስበው በላይ ብዙ ነው።

አሁን ወደ እግርዎ እንምጣ። ሁለት ሰው የያዘ ቪትዝ ወደ 1,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ክብደት ከቆመበት ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማድረስ፣ ሞተሩ የሚያባክነውን ሙቀት ጨምረን ስናሰላው፣ ወደ 15 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ይፈጃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ፍሬን ሲረግጡ ያ ማንኪያ ቤንዚን የፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ 70 ጊዜ ያህል ሲደጋገም አንድ ሊትር ሄደ። በ30 ሲሄዱ ቢሆን ግን የሚባክነው ከማንኪያው ሲሶ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ጉልበቱ ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ሳይሆን በካሬ ስለሚያድግ። ስለዚህ ከፊት ያለው መብራት ቀይ ከሆነ ወይም አደባባዩ ከተዘጋ፣ 100 ሜትር ሲቀረው ነዳጅ መስጫውን ይልቀቁ። ተፈትልከው ሄደውም፣ ተንከባልለው ሄደውም የሚደርሱት እዚያው ቀይ መብራት ነው።

«ክፍተት ከተውኩ ሌላው ይገባብኛል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። ይገባል። የገባው መኪና የሚወስድብዎ 5 ሜትር ነው፤ ክፍተቱ የሚያተርፍልዎ ግን መቆምን ነው። በሰልፍ ውስጥ ፍሬንና ነዳጅ ከመፈራረቅ በአንድ ወጥ ዝግታ መንከባለል ሁልጊዜ ይበልጣል።

የእርስዎ ሥራ ሌላም ቀዳዳ አለው፦ ቆሞ መጠበቅ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል፤ ኤሲ ከበራ ይጨምራል። ተሳፋሪ እስኪወርድ፣ ጥሪ እስኪመጣ በቀን ሦስት ሰዓት ሞተር ሳያጠፉ ከቆሙ ወደ 2 ሊትር ሄደ፤ መኪናው ግን አንድ ሜትር አልተንቀሳቀሰም። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆሙ ከመሰለዎት ያጥፉ። ባትሪዎ ደካማ ከሆነ እሱን አስቀድመው ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ወደ ጎጃም በተመላለስን ቁጥር ባለቤቴ የዓባይን ቁልቁለት ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ አንዳንዴም ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። «ነዳጅ ነው የማተርፈው» ይላል። እኔ እፈራለሁ። እውነት ያተርፋል? (ከቡሬ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ልክ ነው፤ ሂሳቡ ደግሞ ባለቤትዎን አይደግፍም። መኪናችሁ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ፣ ከሆነ (ዛሬ አብዛኛው የቤንዚን መኪና ነው) ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳና የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ1,500 ገደማ በላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን ጭራሽ ይዘጋቸዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጅ ሳይሆን ጎማው ነው። ፍጆታው ዜሮ ነው። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለውን ቁልቁለት በግማሽ ሰዓት ቢወርዱት «ያተረፈው» ሰው ሲሶ ሊትር ገደማ አቃጥሏል፤ በማርሽ የወረደው ምንም አላቃጠለም ማለት ይቻላል። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ይህ መዝጊያ በአብዛኛው ስለሌለ ወሬው የመጣው ከዚያ ዘመን ነው።

ለእውነቱ ስንል፣ በጣም ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ መኪናውን ጥቂት አርቆ ሊያንከባልል ይችላል፤ በማርሽ ሲሆን ሞተሩ ስለሚይዘው። ትርፉ ግን በማንኪያ የሚቆጠር ነው፤ ዓባይ በረሃ ደግሞ ለስላሳ ቁልቁለት አይደለም።

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 35 ሊትር የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ነፋስና ጎማ የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ የቀረውን በዜሮ ማርሽ ሲሆን የሚሸከሙት የአራቱ ጎማዎች ትናንሽ የፍሬን ሸራዎች ብቻ ናቸው። ሸራው ሲግል መያዙን ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከአየር የሳበው እርጥበት ይፈላና አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉ ያኔ እስከ ወለሉ ይገባል። ሞተር ከጠፋ ነገሩ ይከፋል፦ ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል ከሁለትና ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ካለፈ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

የሚወረደው በወጡበት ማርሽ ነው፤ በሁለተኛ የሚወጣ ዳገት በሁለተኛ ይወረዳል፣ በሦስተኛ የሚወጣው በሦስተኛ። አውቶማቲክ ከሆነ ከ«ዲ» ወደ «2»፣ «ኤል» ወይም «ቢ» ያውርዱት። ሞተሩ 3,000 እና 3,500 ዙር ላይ ሲጮህ አይደንግጡ፤ ነዳጅ እየጠጣ አይደለም የሚጮኸው። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርገው ለጥቂት ሰከንድ ይርገጡና ይልቀቁ፤ እግርዎን አሳርፈው በስሱ እያሻሹ አይውረዱ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ሞልቼ አዳማ ስደርስ እንደገና ሞላሁ፤ 5.1 ሊትር ገባ። ስመለስ ቃሊቲ ስሞላ 7 ሊትር ገባ። መንገዱ ያው፣ ፍጥነቴም ያው ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ወደ 100 ይጠጋ ነበር። አንደኛው ማደያ አጭበርብሮኛል ማለት ነው? (ከሳሪስ)

መልስ፦ ማደያውን አይክሰሱ፤ ተራራውን ነው የከፈሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እንደ እርስዎ ያለ ትንሽ መኪና 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ለጉዞው ከሚያስፈልገው በላይ ከ0.13 እስከ 0.14 ሊትር ይፈልጋል። ቃሊቲ ከመሃል ከተማው ዝቅ ስለሚል ልዩነቱን 500 እና 600 ሜትር መሃል ይያዙት፤ ከ0.65 እስከ 0.84 ሊትር ይመጣል። ሲወርዱ ደግሞ ከዚያው ብዙውን ያስመልሳሉ። የሁለቱ ልዩነት በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። ለመኪናዎ የሚታመነው ቁጥር የደርሶ መልሱ ድምር ነው።

የሚያሳስበን ሌላው ቁጥርዎ ነው፤ 100። በፍጥነት መንገድ ላይ ነዳጁን የሚበላው በዋናነት ነፋስ ነው፤ የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይጨምራል። ከ90 ወደ 120 ሲወጡ ፍጥነቱ በሲሶ ያድጋል፤ የነፋሱ ግፊት ግን 78 በመቶ። 80 ኪሎ ሜትር በ90 ቢነዱ 53 ደቂቃ፣ በ120 ቢነዱ 40 ደቂቃ ይፈጃል። 13 ደቂቃውን በነዳጅ መግዛት አለመግዛት የእርስዎ ፈንታ ነው፤ እኛ ለትንሽ ሞተር ከ80 እስከ 90 እንመርጣለን። ፖርቶ መጋላ ካለዎትና ዕቃ የማይጭኑ ከሆነ ያውርዱት፤ ባዶውንም ቢሆን ነፋስ ይይዛል። በከተማ ፍጥነት መስኮት መክፈት ይሻላል፤ ከ80 በላይ ግን መስኮቱን ዘግቶ ኤሲውን በትንሹ መክፈት።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ መኪናዬ ዳገት ላይ ደካማ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ፔዳሉን እስከ ታች እረግጣለሁ። ያው መኪና ድሬዳዋ ሲሄድ ወፍ ነው። ሞተሩ ታሟል? (ከጉለሌ)

መልስ፦ አልታመመም፤ የሚተነፍሰው አየር ነው ያነሰው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ገደማ ያጣል። ኢንጀክሽን መኪና የነዳጁን መጠን ራሱ ከአየሩ ጋር ያስተካክላል፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን እዚህ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጅግለሩ (የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳው) ወደ ጠባብ መቀየር አለበት። አሮጌ ናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ የሚተፋውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ የተነሳ ነው።

ለእግርዎ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ ደጋ ላይ ፔዳሉ ጠለቅ ማለቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ የሚያስበላው የሞተሩ ዙር መብዛት ነው። ማንዋል ከሆነ ሜዳ ላይ በ2,000 እና 2,500 ዙር መሃል ማርሽ ይጨምሩ። ዳገት ላይ 3,000 ድረስ ይፍቀዱለት፤ ከ1,500 በታች ጭነት ላይ አድርገው እያንቀጠቀጡ አያስጨንቁት። ከዳገቱ በፊት ጥቂት ፍጥነት ይያዙ፣ ዳገቱ ላይ ፔዳሉን ባለበት ያቆዩትና ፍጥነቱ ትንሽ ይውረድ። ዳገት ላይ ሲቆሙ መኪናውን በፍሪሲዮንና በነዳጅ አንጠልጥለው አይያዙት፤ የእጅ ፍሬን ለዚህ ነው የተሠራው። ፍሪሲዮን ከነዳጅ ይወደዳል።

ጥያቄ፦ ወደ አዋሽ እና ሰመራ እመላለሳለሁ። ጎሚስታው «በረሃ ስለሆነ ጎማውን አተንፍሰው» ይለኛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ አያተንፍሱት። ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጎሚስታው ያሰበው ይህን ብቻ ነው። ነገር ግን ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርዱ የውጪው አየር ግፊትም ስለሚጨምር ጌጁ የሚያሳየው ይቀንሳል። ምሳሌ እንሥራ፦ አዲስ አበባ በቀዝቃዛው 33 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ አዋሽ ሲደርስ በከፍታው ምክንያት 2 ፒኤስአይ ያህል ያጣል፤ አየሩ በ15 ዲግሪ ቢሞቅ ደግሞ ከ2 ፒኤስአይ ትንሽ የሚበልጥ ያገኛል። ተቻችለው ቀሩ። ከረጅም መንገድ በኋላ የጋለ ጎማ 4 እና 5 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ቢነበብ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ አየር የሚያስወጣ ሰው ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይቀርበታል። አየር ያነሰው ጎማ በየዙሩ ጎኑ ስለሚተጣጠፍ የበለጠ ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ በበረሃ ሙቀት የሚፈነዳውም እሱ ነው።

የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል፤ ሙሉ ጭነት ካለ እዚያው የተጻፈውን ከፍ ያለውን ይጠቀሙ። የየጎሚስታ ቤቱ ጌጅ ስለሚለያይ የራስዎን ትንሽ ጌጅ ይግዙ። ናይትሮጅን ቢሞሉም ጉዳት የለውም፤ ተራው አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን መሆኑን ግን እያወቁ ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ክሩስኮቱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚል ብርቱካናማ መብራት ከገዛሁት ጀምሮ ይበራል። ብልሽት ነው? (ከአያት)

መልስ፦ ብልጭ ድርግም የማይል፣ ዝም ብሎ የሚበራ ከሆነ ብልሽት አይደለም፤ ማርሽ መያዣው ጎን ያለችው የኦቨርድራይቭ (ኦ/ዲ) ቁልፍ ተነክታ ነው። አንዴ ይጫኗት፣ ይጠፋል። መብራቱ በርቶ ሳለ ካምቢዮው የመጨረሻውን ማርሽ አይጠቀምም፤ በረጅም መንገድ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ከሲሶ በላይ የበዛ ዙር ይዞርልዎታል። ቁልፏ ለረጅም ዳገትና ለቁልቁለት ናት፤ ያኔ ይጠቀሙባት፣ ሲጨርሱ ይመልሷት። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ካምቢዮው የስህተት ኮድ ይዟል፤ ይነበብ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ይግል ስለነበር መካኒኩ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ጣለው። ሙቀቱ ጠፋ፤ ቤንዚን መብላቱ ግን ጨመረ። ይገናኛሉ? (ከላፍቶ)

መልስ፦ በደንብ። ቴርሞስታት ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። በሩ ሲነቀል፣ በተለይ በክረምትና በአጭር ጉዞ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል፣ ሚኒሞውም ከፍ ይላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። የሙቀት መርፌዎ ከ15 ደቂቃ ጉዞ በኋላም ከታች ካልተነሳ ይኸው ነው። ኦሪጅናል ቴርሞስታት ከነጎሚኒው ያስገቡ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ሙቀት ለምን እንደመጣ ይፈለግ፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይነሳ ፋን፣ የደከመ የራዲያተር ክዳን ወይም ከኩላንት ይልቅ የቧንቧ ውሃ።

ጥያቄ፦ ሦስት አጫጭር። ጠዋት መቅዳት ትርፍ አለው? ሞተር ለስንት ደቂቃ ይሙቅ? ታንኩን ግማሽ ብቻ ብሞላ ይቀለኛል? (ከገርጂ)

መልስ፦ የማደያው ታንክ ከመሬት በታች ስለሆነ የቤንዚኑ ሙቀት ከጠዋት እስከ ቀትር እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም፤ ሰልፉ አጭር ከሆነ ግን ጠዋት ይቅዱ። ለሞተሩ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ የሚሞቀው እየሄደ ነውና የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትሮች ሳይጨፈልቁ ይንዱ። ግማሽ ታንክ የሚያቀልልዎ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ የተረሳው የሲሚንቶ ከረጢት ከዚያ ይበልጣል።